ወድቆ ማስመሰልና ተሳስቶ ማመን

ሰሞኑን የምንጽፈውም የምናነበውም ከባድ ከባዱን ሆኗል። ዛሬ ስለ ኳስ ላውጋችሁ። ኳስ ስለሆነ ግን ቀላል ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መጨረሻው ላይ የምንገናኘው ከራሳችን ጋር ነው።

ነገሩ የተነሳው እዚሁ ዓለም ከተማ፣ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የተጋጣሚያችን አጥቂ ኳሱን ይዞ ቅጣት ክልል ገባ። ተከላካያችን እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ልጁ ግን መብረቅ እንደመታው ሰው ተዘረረ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ፔናሊቲ! ቤቱ ግልብጥ አለ። "ሌባ!" "ቲያትረኛ!" "ዳኛው ተገዝቷል!" ከጮሁት አንዱ እኔ ነኝ። የአርሰናል ደጋፊ መሆኔን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አጠገቤ አንድ ጋሼ ተቀምጠዋል። ኳስ ብዙም አይከታተሉም፤ ሻይ ሊጠጡ ነው የገቡት። ጩኸቱ በረድ ሲል ወደ እኛ ዞር አሉና፣ "ባለፈው የናንተው ልጅ እንዲሁ ሲወድቅ ግን 'ጎበዝ፣ አወጣት!' ስትሉ ሰምቻችሁ ነበር እኮ" አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላም መልስ አላገኘሁም። ይህን ጽሑፍ ያመጣውም ያ ዝምታ ነው።

የማይሸነፈው ቡድን ፔናሊቲ

የጋሼን ነገር ከራሴ ቤት ልጀምር። እኛ የአርሰናል ደጋፊዎች የምንኮራበት አንድ ዓመት አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2003/04 የውድድር ዘመን። 38 ጨዋታ፣ አንድም ሽንፈት የለም። ገና በመስከረም ወር ግን በሜዳችን ፖርትስማውዝን ስንገጥም 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። ሮበርት ፒሬስ ቅጣት ክልል ውስጥ በተከላካዩ ስቴፋኖቪች እግር ላይ ተደናቅፎ ወደቀ። ፔናሊቲ ተሰጠ፣ ቴሪ ኦንሪ አገባው፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ፊልሙን ዛሬ ቀስ አድርጎ ያየ ሰው ፒሬስ እግሩን ወደ ተከላካዩ እየላከ መውደቁን ያያል። ያ ፔናሊቲ ባይሰጥ ኖሮ "ያልተሸነፈው ቡድን" የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር።

ይህንን በየኳስ ቤቱ ስንቴ አንስተነዋል? እኔ አንስቼው አላውቅም። የሌላውን ግን እስከ ቀኑና ደቂቃው አውቀዋለሁ።

ሕጉ ከየት መጣ?

የእግር ኳስ ሕግ ሲጻፍ መጀመሪያ የታሰበው ተጫዋች ሁሉ ጨዋ ነው ተብሎ ነበር። ፔናሊቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣው ዊልያም ማክረም የሚባል የአየርላንድ ግብ ጠባቂ ሲሆን በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ያኔ ብዙዎች ተቆጡ። "ይህ ሕግ ተጫዋች ሆን ብሎ ያጠፋል ብሎ የሚያስብ ሕግ ነው፤ ለጨዋ ሰው ስድብ ነው" አሉ። ኮሪንቲያን የተባለው የእንግሊዝ አማተር ክለብ ተጫዋቾች ፔናሊቲ ሲሰጣቸው ሆን ብለው ወደ ውጭ ይመቱት ነበር ይባላል።

ጨዋነቱ ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ አልዘለቀም። በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይ ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ነው፤ ከመንገድ የትራፊክ መብራት ነው የወሰደው። በነገራችን ላይ፣ ካርድ ኪሳቸው ይዘው ወደዚያ ዓለም ዋንጫ ሜዳ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ዳኞች አንዱ የእኛው ሥዩም ታረቀኝ ናቸው፤ የስዊድንንና የእስራኤልን ጨዋታ ዳኝተዋል።

ፔናሊቲ ዋጋው ከፍ ሲል መውደቅም ሙያ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ሕጉ ስለሚያስመስል ሰው በግልጽ የሚለው ነገር አልነበረውም። ዳኛን ለማታለል ማስመሰል በካርድ እንዲቀጣ በግልጽ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከ1891 እስከ 1999 ስትቆጥሩ 108 ዓመት። የሰው ልጅ ፔናሊቲን ከፈጠረ በኋላ ሐሰተኛውን ፔናሊቲ በስሙ ለመጥራት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው።

የማስመሰል ጫፉ

እስከ የት ሊኬድ እንደሚችል ያሳየው ግን የቺሊው ግብ ጠባቂ ሮቤርቶ ሮሃስ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1989 ቺሊ ለ1990 ዓለም ዋንጫ ለማለፍ ማራካኛ ላይ ብራዚልን ገጠመች። ብራዚል 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ከተመልካች መሐል የተወረወረ የርችት ፍም ግብ ጠባቂው አጠገብ ወደቀ። ሮሃስ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ፊቱ በደም ተሸፈነ። የቺሊ ተጫዋቾች ተሸክመውት ሜዳውን ጥለው ወጡ።

በኋላ ፎቶው ሲታይ ፍሙ አልነካውም። ደሙ ጓንቱ ውስጥ በደበቀው ምላጭ ራሱን ቆርጦ ያመጣው ነበር። ውጤቱ 2 ለ 0 ለብራዚል ጸደቀ፤ ቺሊ ከ1994 ዓለም ዋንጫ ታገደች፤ ሮሃስ የዕድሜ ልክ እገዳ ተጣለበት፤ ከዓመታት በኋላ በ2001 ነው የተነሳለት። ስለ ጥፋቱ ራሱም በኋላ አምኗል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሮሃስ ራሱን የቆረጠው ለግሉ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ለአገሬ ብሎ ነው። ማስመሰል አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለራሱ የሚዋሽ ሰው ያፍራል። ለወገኑ የሚዋሽ ሰው ግን ጀግና የሆነ ይመስለዋል፤ ወገኑም ያጨበጭብለታል።

በአህጉራችንም አይተናል። በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ቱኒዚያ አዘጋጇን ኢኳቶሪያል ጊኒን 1 ለ 0 እየመራች በባከነ ሰዓት ብዙዎችን ያስገረመ ፔናሊቲ ተሰጠባት። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄዶ አዘጋጇ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሞሪሺየሳዊው ዳኛ ለስድስት ወር ታገደ። ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ዳኛው ተቀጣ፣ የወደቀው አለፈ።

የእኛስ ታሪክ?

በመንዝም በመርሐቤቴም የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ያውቃል፤ መሐል ሜዳ ላይ ፊሽካ የያዘ ሰው የለም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባለውም በከንቱ አይደለም። ጌታም ሎሌም በአንድ ሜዳ ይሮጣሉ፤ ዱላ ቢያርፍበትም ጌታው ቂም አይዝም። ጨዋታውን የሚይዘው የተጫዋቹ ይሉኝታ ነው። "ፌር ፕሌይ" የሚለውን የፈረንጅ ቃል "ስፖርታዊ ጨዋነት" ብለን ስንተረጉመው "ጨዋ" የሚለውን ቃል የመረጥነው ለዚህ ይመስለኛል።

በዘመናዊው እግር ኳስም የምንኮራበት ጅማሬ አለን። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተዘጋጀ። ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትጫወት ተደልድላ ነበር። የአፓርታይዱ መንግሥት ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለ፤ ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር። መሥራቾቹ አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ከመሥራቾቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በፊፋ ስብሰባዎችም የአፓርታይድ ቡድን ሜዳ እንዳይገባ ሲሟገቱ ኖሩ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ ተባረረች፤ የተመለሰችው በ1992፣ እሳቸው ካለፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም። ታሪክ ቀልደኛ ነውና ከ56 ዓመት በኋላ ያቺው ደቡብ አፍሪካ፣ አሁን ነፃ ወጥታ፣ የእኛን ጨዋነት ልትፈትን መጣች።

ሰኔ 9 ቀን 2005

ያን እሑድ የማያስታውስ ኳስ ወዳድ የለም። ዋልያዎቹ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ነበር። አሁን ደግሞ በሰውነት ቢሻው እየተመሩ ለ2014 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የምድቡ መሪ ሆነዋል። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። መጀመሪያ ያገባብን ፓርከር ነበር፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ ከዚያ ያው ፓርከር በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረ። 13 ነጥብ ያዝን። ምድቡን ጨረስነው፤ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ቀረን።

እኔ እዚሁ ዓለም ከተማ ነበርኩ። ሰው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ጨፈረ። ተዋውቀን የማናውቅ ሰዎች ተቃቀፍን።

በዚያው ዕለት ፊፋ ኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ግንቦት 2004 ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ አንድ ቢጫ ካርድ አየ። መጋቢት 2005 ላይ ከቦትስዋና ጋር ሁለተኛውን አየ። በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ ያርፋል። ቀጣዩ ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር በሜዳዋ የተደረገው ጨዋታ ነበር። ምንያህል ተሰለፈ፤ 2 ለ 1 አሸነፍን። በሁለቱ ካርዶች መካከል ወደ አሥር ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሊያየው ይገባ የነበረ ነገር ነው። ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ እሱ ተሰለፍ ሲባል ተሰልፏል። ጥፋቱ የቢሮ ነው።

እግር ኳስ ፌዴሬሽናችን ስህተቱን አመነ። ሕዝቡንም ይቅርታ ጠየቀ።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ያኔ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በፌዴሬሽኑ ላይ የተናደድነው መዝገብ ባለመያዙ ብቻ አልነበረም። "ምን አሳመናቸው? አይከራከሩም ነበር?" ያልን ነን። አንዱ ጓደኛችን "ሌሎቹ ቢሆኑ ይክዱ ነበር" ሲል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሜዳ ላይ ሳይነካ ወድቆ ፔናሊቲ የሚለምነውን ሌባ የምንል ሰዎች፣ ለአገራችን ሲሆን ቢሮ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ፈለግን።

ብቻችንን አልነበርንም። በዚያው ማጣሪያ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም ባልተፈቀደ ተጫዋች ምክንያት ተቀጥተዋል። ኬፕ ቨርዴ በኢኳቶሪያል ጊኒ ቅጣት ተጠቅማ ተስፋ ካገኘች በኋላ ቱኒዚያን በሜዳዋ አሸንፋ ማለፏን ስታከብር፣ እሷም በተራዋ የታገደ ተጫዋች ማሰለፏ ታወቀና ውድድሩን ለቱኒዚያ ለቀቀች። ደቡብ አፍሪካም ብትሆን መስከረም 2004 ላይ ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ወጥታ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍኩ ብላ ሜዳ ላይ ጨፍራ ነበር፤ ደንቡ የሚያየው የእርስ በርስ ውጤትን ስለነበር ያለፈችው ኒጀር ሆና ተገኘች። ደንብ ሳያነቡ መጨፈር የአንድ አገር በሽታ አይደለም።

ፍርዱ መጣ። ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረ። ሦስት ነጥብ ተነጠቅን፤ 13 የነበረው 10 ሆነ። ደቡብ አፍሪካ በ8 ነጥብ ትከተለናለች። አንድ ጨዋታ ይቀራል።

ጳጉሜ 2

ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተጋጠሙ። ባንጊ በጦርነት ምክንያት ስላልሆነች ጨዋታው ኮንጎ ብራዛቪል ተወሰደ። በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 ረመረመች፤ ነጥቧ 11 ሆነ። እኛ አቻ ብንወጣ 11 ለ 11 እንሆናለን፤ በግብ ልዩነት እንወድቃለን። ማሸነፍ ብቻ ነበር የሚያዋጣው።

2 ለ 1 አሸነፍን። 13 ነጥብ። ሰኔ ላይ የነበረን ቁጥር ጳጉሜ ላይ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮልን ናይጄሪያን መምራት ጀምረን ነበር፤ ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻም ደቂቃ በፔናሊቲ ሁለተኛውን አገባ። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍንና ብራዚል ቀረ። በዚያ ፔናሊቲ እኛ ሠፈር እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

እኔ ግን ዕድሜዬ ሲጨምር ከናይጄሪያው ፔናሊቲ ይልቅ የምመለስበት ያ የጳጉሜ ቀን ነው። የሰኔው 13 ነጥብ ውስጥ የእኛ ያልሆነ ሦስት ነበረበት። የጳጉሜው 13 ግን ሁሉም የእኛ ነበር። ማንም ጣት ሊቀስርበት አይችልም። ይህን ያገኘነው ሁለት ነገር ስለተደረገ ነው፤ ቢሮው ስህተቱን ስላመነ፣ ልጆቹም ሮጠው ስለመለሱት። አንዱ ቢጎድል ታሪኩ ሌላ ነበር።

ይህን ሳስብ ሁሌ የምታወሰኝ የአርሰን ቬንገር ነገር ናት። እ.ኤ.አ. የካቲት 1999 በኤፍኤ ካፕ አርሰናል ከሼፊልድ ዩናይትድ ይጫወታል። ተጋጣሚው ለተጎዳ ተጫዋች ብሎ ኳሱን ወደ ውጭ አወጣ። ልማዱ ኳሱን መመለስ ነው። ለአርሰናል የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚያደርገው ካኑ ግን ነገሩ ሳይገባው ኳሱን ይዞ ሮጦ ለኦቨርማርስ አቀበለው፤ ገባ፤ 2 ለ 1። ሕጉ ግቡን ያጸድቀዋል። ቬንገር ግን ጨዋታው እንዳለቀ "ይደገም" አሉ። ከአሥር ቀን በኋላ ተደገመ። ውጤቱ? አርሰናል 2፣ ሼፊልድ 1። ቁጥሩ ያው ነው። የመጀመሪያውን ግን ማንም አይኮራበትም።

ዳኛ የሚለው ቃል

በአማርኛችን ሜዳ ላይ ፊሽካ የያዘውም፣ ችሎት ላይ የተቀመጠውም "ዳኛ" ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ሁለት ቃል አላቸው፤ እኛ አንድ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሜዳው ነገር ቶሎ ወደ አገር ነገር የሚቀየርብን።

በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጋችን ምን እንደነበር አስታውሱ። ክለብ የብሔር ወኪል ሆነ። ጨዋታ በፀጥታ ስጋት ተራዘመ፤ በገለልተኛ ሜዳ ተደረገ፤ ደጋፊ ከደጋፊ ተፈነካከተ። ዳኛ የወሰነው ሁሉ "ለእነርሱ አድልቶ" ተባለ። ያኔ የተቃራኒውን ጥፋት የሚቆጥር ሞልቶ ነበር። "ይህቺ ፔናሊቲ ለእኛ አትገባንም ነበር" የሚል አንድ ሰው ግን ከየትኛውም ወገን አልሰማሁም። እኔም አላልኩም። ዳኛ የማይታመንበት ሜዳ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋይ መሆኑን ያየነው በዓይናችን ነው።

ዛሬ ቪኤአር መጥቷል። ከ2018 ዓለም ዋንጫ ወዲህ የወደቀውን ልጅ በስድስት ካሜራ ገልብጠን እናየዋለን። ሆኖም ክርክሩ አልቀነሰም፤ ካሜራው የተጫዋቹን እግር እንጂ የደጋፊውን ዓይን አያስተካክልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ ግን የሚያይለት ሰው ካለ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንዲት ደንብ አውጥቻለሁ። የእኛው ልጅ ሳይነኩት ሲወድቅ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ "አልነካውም" እላለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ጓደኞቼ "አንተ የማን ደጋፊ ነህ?" ብለው አፈጠጡብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ማዶ ከተቀመጡት የማንቸስተር ደጋፊዎች አንዱ፣ በራሱ ቡድን ላይ፣ "ኧረ ይሄማ ፔናሊቲ አይደለም" ሲል ሰማሁ። ቤቱ ሳቀ። ጋሼ አልነበሩም እንጂ ደስ ይላቸው ነበር።

የእናንተን ደግሞ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ የተጋጣሚያችሁን ሳይሆን የራሳችሁን ቡድን ያልተገባ ፔናሊቲ። አንድ ብቻ። ማን እንደሚጀምር እናያለን።